ስምንተኛዋ ፎቶ

ቢቸና፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬

ዛሬ የአባቴን የሳጥን ካሜራ ይዤ ሞጣ ደርሼ ተመለስሁ። በውስጡ ያለውን ፊልም ሳይጨርሰው ነው የሞተው። ከኋላው ባለችው ቀይ መስኮት የሚታየው ቁጥር ስምንት፣ ማለትም የመጨረሻው፣ ስለነበር፣ አንድ ፎቶ ቀርቷል ብዬ ባለፈው ሳምንት እናቴን በረንዳው ላይ አስቀምጬ አንስቻታለሁ።

ፊልም የሚያጥቡት የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ይርዳው ይህን ስነግራቸው ካሜራውን አስቀመጡት።

«እናትሽን ከማንሳትሽ በፊት ፊልሙን አዙረሽዋል?»

«አላዞርሁትም። ስምንት ላይ ነበር።»

«አባትሽ ፊልም የሚያዞረው ሊያነሳ ሲል ብቻ ነው፤ ካነሳ በኋላ አይነካውም። በዚህ ስንጨቃጨቅ ነው ያረጀነው። ስምንተኛዋን አንስቷታል፤ አንቺ ከላይዋ ደገምሽባት፤ ሁለቱ ተደራርበዋል። ሰባቱን አጥቤ እሰጥሻለሁ። እሷንስ ልጠባት ወይስ ትቅር?»

እናቴን ሳልጠይቅ መልስ መስጠት አግባብ አልመሰለኝም። ማዘን እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ አውቶቡሱ ውስጥ የተሰማኝ ግን የእግሬ መደንዘዝ ብቻ ነው።

ቤት ስገባ ለእናቴ ምንም ሳልደብቅ ነገርኋት።

«መጨረሻ ላይ እኔኑ ነበር ያነሳኝ» አለች። «እዚያው በረንዳ ላይ፣ ሹሩባ ተሠርቼ።»

ለእሱ ኀዘን በተላጨው ራሷ ላይ ሻሿን አጠበቀች።

«በይ ትታጠብ። የትኛዋ እንደምትጎላ እንይ።»

ጋሽ ይርዳው ዘንድ ደውዬ «ይጠቧት» አልኋቸው። የትኛዋ እንድትጎላ እንደምፈልግ ግን ይህን ስጽፍም ገና አላወቅሁም።