ኑርጋሊ ከጠፈር ተመለሰ፤ ክሩ ግን አልተቆረጠም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ሰይትካን፤

አሰላሙ አለይኩም። ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚይዝህ ያ ሳል ዘንድሮ ራራልህ? ባለቤትህ ነርሚንስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የቆዳ ፋብሪካው ሽታ አሁንም ባሕሩ አጠገብ ካለው ቤትህ ድረስ ይከተልሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በጎቹ ወልደዋል፣ ባዝሮቹም ሊወልዱ ደርሰዋል። የባሌ የኸይሩላ ወገብ እንደ ራሱ ግትር ሆኖ አልድን አለ እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም። እማዬ ሰማንያዋን ደፍናለች፤ ጥርስ የላትም፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ?» ትል ይሆናል። ጋሼ፣ እንተዋወቃለን። እኔ ስለዚያ ክረምት ባነሳሁ ቁጥር የስልኩ መስመር ይበላሽብሃል። ወረቀት ግን አይበላሽም። ስለዚህ አረፍ በልና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ታናሻችን ኑርጋሊ ወረደ! ከሰማይ ወረደ፣ ወንድሜ! በቴሌቪዥን አይተህ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ያላሳየህን እኔ ልንገርህ፣ በዚህ በሁለት ዓይኔ ያየሁትን። አጃኢብ ነው! ሦስት ሳምንት አልፎት እንኳን ገና አውርቼ አልጠገብኩም።

አንተ ከቤት ስትወጣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። በየሜዳው እየተደናቀፈ ሲወድቅ ልጆቹ «ክሩ ያልተቆረጠ! ክሩ ያልተቆረጠ!» እያሉ ሲያበሽቁት ታስታውሳለህ። እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መራመድ ሲጀምር እግሩ በጥቁርና ነጭ ክር ታስሮ፣ ቀልጣፋ ሰው ተመርጦ ክሩን በቢላዋ ቆርጦለት ነው ሩጫውን የጀመረው። የኑርጋሊ ብቻ ቀረ። ለምን እንደቀረ እኔና አንተ እናውቃለን፤ እመለስበታለሁ። እማዬ ግን ክሩን አልጣለችውም። በጨርቅ ጠቅልላ በሳጥኗ ውስጥ አርባ አምስት ዓመት አስቀመጠችው። ልጁ በወደቀ ቁጥር ወደ ሳጥኑ ታይ ነበር።

የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ልሆን ነው ያላት ቀን «መሬት ላይ መቆም ያቃተው ሰማይ ላይ ምን ይሠራል?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። እሱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እማዬ፣ ሰማይ ላይ የሚያደናቅፍ ድንጋይ የለም።» እውነትም በሰማይ አልተደናቀፈም። አለቆቹ «ይህ ልጅ አውሮፕላኑን የሚነዳው አይመስልም፣ ለብሶት ነው የሚሄደው» ብለው ጽፈውልን ነበር። እማዬ ያንን ወረቀት ለጎረቤት ሁሉ ካስነበበች በኋላ «ጫማውንስ በደንብ ያስራል ወይ? እሱን አልጻፉም» አለች።

ከዚያ የደረሰበትን በስልክ በግማሽ ነው የነገርኩህ። በሩቅ ምሥራቅ፣ በውቅያኖስ ዳር ሳለ፣ የአውሮፕላኑ ሞተር ከአንድ መንደር በላይ ጠፋበት። ወዲያው መዝለል ይችል ነበር። አልዘለለም። የመጨረሻዋን ቤት እስኪያልፍ ድረስ ይዞት ሄደ። ወንበሩ ተፈናጥሮ ሲያወጣው መሬት ቀርቦ ስለነበር ሁለቱም እግሩ ተሰበረ። እማዬ የደረቀ እርጎ በከረጢት ይዛ ስምንት ቀን በባቡር ሄደች። እንደደረሰች ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው ያየችው። «የኔ ጥፋት ነው» ብላ አልጋው ሥር ቁጭ አለች። ሐኪሞቹ ስለ ምን እንደምታወራ አልገባቸውም።

ሁለት ዓመት በምርኩዝ ሄደ። ሰው ሁሉ ጡረታ ይወጣል ሲል እሱ እንደገና በረረ፤ ከዚያም ለጠፈር ተመረጠ። እዚያ ደግሞ አስራ አንድ ዓመት አስጠበቁት። በሚሽከረከር ብረት ውስጥ አስገብተው እስትንፋሱ እስኪያጥረው ያዞሩታል፤ ደረቱ ላይ ስምንት ሰው የተቀመጠበት ያህል ነው ይላል። ሁለት ጊዜ ተጠባባቂ ሆኖ፣ ሁሉን ነገር አጥንቶ ጨርሶ፣ ሌላ ሰው ሲሄድ እጁን እያውለበለበ ቀረ። «አንጀትህ አላረረም?» ስለው «ራውሻን፣ አባታችን የገራውን ፈረስ ሌላ ሰው ይጋልበው አልነበር?» አለኝ። አባታችንን አያውቀውም እኮ! በወሬ ብቻ የሚያውቀውን አባት መስሎ ማደጉ ይገርመኛል።

በጥቅምት ሦስተኛው ተራ ደረሰው፤ ሮኬቱ ሲነሳ ቆሜ አይቻለሁ። ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ? መጀመሪያ እሳቱ ብቻ መጣ፣ ድምፅ የለም። ቆይቶ ድምፁ ሲደርስ መሬቱ በጫማዬ በኩል ወደ ላይ ወጣብኝ፤ ደረቴ ውስጥ የሚመታው ልብ የኔ መሆኑ ቀረ። ኸይሩላ፣ ያ አፉ የማያርፈው ሰውዬ፣ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። በዚያ ሁሉ እሳት ጫፍ ላይ አፍንጫውን የጠረግኩለት ወንድሜ ተቀምጧል ብዬ ሳስብ የኸይሩላን እጅጌ ጨምድጄ ያዝኩ። እማዬ ግን አላለቀሰችም። መዳፎቿን ዘርግታ «ያ ረቢ፣ እግሩ የታሰረ ልጅ ነው፤ አንተው ያዘው» አለች።

ስድስት ወር እላይ ኖረ። ጀምበር እንደጠለቀች በሰፈራችን ላይ ሲያልፍ ይታይ ነበር። አንድ ብሩህ ነጥብ፣ ድምፅ የሌለው፣ ከአድማስ እስከ አድማስ። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ያየዋል። ሽማግሌው ቶሌባይ «የናንተ ልጅ ከባቡሩ ይልቅ ሰዓት ያከብራል» ይላል። አንድ ቀን ከዚያ ከላይ ስልክ ደወለ! እማዬ ተቀብላ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም «እግርህ መሬት ይረግጣል?» አለችው። «እማዬ፣ እዚህ የማንም እግር አይረግጥም» አላት። «የሌሎቹም ክር አልተቆረጠም ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቅ እስከ ጠፈር ድረስ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ስልኩ ሲዘጋ ግን አልሳቀችም። ክሩን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እግሩን የፈታሁለት ቀን ነው ነፍሴ የምታርፈው። ሳልፈታው ከሞትኩ መቃብር አይቀበለኝም» አለችኝ። 

ሊወርድ ነው ሲባል እኛን ቃራጋንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዱን። የአውራጃው ገዥ፣ ጄኔራሎች፣ የጋዜጣ ሰዎች፣ የሌለ ሰው አልነበረም። ሄሊኮፕተሩ ደረሰና በወንበር ተሸክመው አወረዱት። ፊቱ አብጦ፣ ቆዳው ገርጥቶ፣ አንገቱ ጭንቅላቱን መሸከም አቅቶት። እማዬ ገዥውንም ጄኔራሉንም ገፍታ ሄዳ ግንባሩን አሸተተችው። «የተቃጠለ ብረት ትሸታለህ» አለች። እኔም አሸተትኩት፤ እውነቷን ነው፣ የሰማይ ሽታ ይሆናል። ከዚያ ከደረቷ ክሩን አወጣች።

እሱን የምትጠብቀው ሐኪም ሮጣ መጣች። «እናቴ፣ ይህ ሰው ዛሬ ከቆመ ይወድቃል» አለች። እማዬም «እሱ ሲወድቅ አዲስ ነው እንዴ? ሳነሳው የኖርኩት እኔ ነኝ» አለቻት። ሐኪሟ ሳቋ አመለጣትና ግራና ቀኝ ተይዞ ሦስት እርምጃ ብቻ ፈቀደች። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ተንበርክካ የአርባ ስድስት ዓመቱን ኮሎኔል ቁርጭምጭሚት በጥቁርና ነጩ ክር አሰረችው። የአባታችንን ባለቀንድ እጀታ ቢላዋም አወጣች። ገዥው የክብር ቆራጭ እሱ መስሎት እጁን ዘረጋ። «ያንተ ቦታ አይደለም፣ ልጄ» አለችው። «ቆራጩ ከተመረጠ ቆይቷል።»

ኑርጋሊ «ማን ነው?» አላት።

ጋሼ፣ እሱ አያውቅም ነበር እኮ። በቤታችን ማንም ነግሮት አያውቅም። እማዬ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ነገረችው። «ሰይትካን ነበር። የሻይ ውሃ ሳይፈላ ከውሃ ጉድጓዱ ደርሶ የሚመለስ ሯጭ ስለነበር እሱን መረጥነው። በዋዜማው ባዝራዋን እግሯን ሳያስር ለቀቃት። አባታችሁ እሷን ሊፈልግ ወጥቶ በበረዶ ውሽንፍሩ ውስጥ ሞቶ ቀረ። ልጁ አስራ ሁለት ዓመቱ ነበር። እኔ እንዳይከፋው ብዬ አንድም ቀን አላነሳሁበትም። እሱ ደግሞ ዝምታዬን ይቅር አላለችኝም ብሎ ተረጎመው። በአስራ ስምንት ዓመቱ ወጣ፤ ይኸው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ። እግሩን ያሰርኩት ልጅ አንተ ብቻ አይደለህም» አለች። እኔ እዚያው አለቀስኩ። ሐኪሟም አለቀሰች።

ኑርጋሊ እግሩ ላይ ያለውን ክር ቁልቁል አየው። ከዚያ «እንግዲያው ዛሬ አይቆረጥም» አላት። «እማዬ ፍቺልኝና መልሰሽ አስቀምጪው። አርባ አምስት ዓመት የጠበቀ ክር ሁለት ወር አያቅተውም።» ወደ እኔ ዞሮም እንዲህ አለኝ፦ «ለጋሼ ጻፊለት። እላይ ሆኜ ከሱ ባሕር እስከ እኛ ጉድጓድ ሰባት ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ፤ የሻይ ውሃ እስኪፈላ ማለት ነው። በየቀኑ እሱን አልፌ ነው ወደናንተ የምመጣው። ሩቅ ነው እንዳይል፣ ለክቼዋለሁ።» ከዚያ ክሩ ተፈቶለት ሦስቷን እርምጃ ሄደ፤ በሦስተኛዋ ተደናቅፎ እማዬ ላይ ወደቀ። ሁላችንም ሳቅን።

አሁን በጠፈርተኞቹ ሐኪም ቤት እንደ ሕፃን መራመድ እየተማረ ነው። ሰኔ 12 ይመጣል። ድግሱ ያን ቀን ነው፤ በጎቹ ተለይተዋል፣ የዓመቱ የመጀመሪያ የፈረስ ወተትም ይደርሳል። እማዬ ቢላዋውን በየጠዋቱ ትስለዋለች፤ ተይ ያልቃል ብላት አትሰማም። ቆራጭ ካልመጣ ድግሱ ይበላል፣ ክሩ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ሌላ ሰው እንደማታስነካ ምላለች። እማዬ ደግሞ ሌላ አርባ አምስት ዓመት የላትም፣ ጋሼ።

ነርሚንን ሳምልኝ፣ የላከችው ሻርፕ እንደ ነፍሴ ነው። ለትልቁ ልጅህ አጎትህ ከጠፈር ድንጋይ አላመጣም፣ ራሱን ብቻ ነው ያመጣው በለው። ለትንሿ ፀጉሯን ደባብስልኝ። ኸይሩላ ሰላም ብሎሃል፣ ስትመጣ ለወገቡ የሚሆን የቆዳ መቀነት እንዳትረሳ። ቶሌባይ፣ ጎረቤቶቹ፣ ሁሉም ሰላም ብለውሃል።

ይህን ላሽገው ስል እማዬ አስነበበችኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችና «አንድ ነገር ቀርቶሻል፣ ጻፊ» አለችኝ። የምትለውን እንዳለ ጻፍኩት፦ «ባዝራዋ በማግስቱ ጠዋት ራሷ ተመልሳ መጥታለች። እሷስ መጣች፤ ልጄስ?»

እህትህ ራውሻን
ቆስኩዱክ፣ ሚያዝያ 30 ቀን