የአናጢው የጎትፍሪድ ኢሸር ቡጢና የሥራ ቤታቸው ቁልፍ

አቶ ጎትፍሪድ ኢሸር ከአባታቸው ከአናጢው ከአቶ ያኮብ ኢሸርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አና ሉቲ እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1941 በኤመንታል፣ በኦበርግራበን መንደር ተወለዱ። ሟች ገርና ታጋሽ ነበሩ ብለን ብንጀምር ደስ ባለን፤ ነገር ግን በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ በምላሳችሁ ጥርሳችሁን መቁጠር ትጀምራላችሁ።

በመንደሩ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራንን ካስመረሩ በኋላ፣ በ1956 ሙያ ለመማር ወደ አባታቸው ሥራ ቤት ገቡ። አቶ ያኮብ የሚያስተምሩት በመላጊያ ነበር፤ ይወረውሩታል። ሟች በትምህርቱ በርትተው፣ ራሳቸውን በጊዜ ዝቅ ማድረግ ቻሉ።

በ1966 ከወይዘሮ ማርግሪት ጋር ጋብቻ መሠረቱ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ ማጋጠሚያ ማሽን ሥራ ቤቱ ገባች። ማሽኗ ክብ ጥርሷን ወደ ሳንቃው ጠርዝ ገፍታ ጠባብ ስንጥቅ ትቆርጣለች፤ በሁለት ሳንቃዎች ስንጥቅ መካከል ኮላ የተቀባ፣ ብስኩት የሚሉት ስስ የእንጨት ቁራጭ ይገባና ያብጣል፤ ሳንቃዎቹ ከዚያ ወዲያ ፍቺ የላቸውም። በ1968 አቶ ያኮብ ከሰርግ ሞቅ ብሏቸው ተመልሰው በልጃቸው እጅ የነበረውን የሥራ ቤቱን ቁልፍ ጠየቁ። ልጅ አባቱን እምቢ አይልምና ጎትፍሪድ ሰጧቸው። አባት ሦስት ጣታቸውን ወለሉ ላይ ትተው ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፉ ከሟች አንገት አልወረደም።

ሕጋቸው አጭር፣ እጃቸው ረጅም ነበር። የሳንቃው ፊት በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ስንጥቅ ሁሉ የሚለካው ከዚያው ፊት ነው። አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች የለካ ሠራተኛ በጥፊ ይለካል። ግራ እጅ የስንጥቁን ከፍታ የሚወስነውን የማሽኗን መደገፊያ በሳንቃው ፊት ላይ አጥብቆ ይጫን፤ ቀኙ ሞተሩ ሙሉ ፍጥነት ሲይዝ ብቻ ቀስ ብሎ ይግፋ። ቁራጭ እንጨት በሞርሳ ይታሰር እንጂ በእጅ አይያዝ። መደገፊያው ከቦታው ከተነካካ የተቀረጸበትን ቁጥር ማመን የለም፤ በውዳቂ እንጨት ይሞከር። ሶኬቱን ሳይነቅል የማሽኗን ጥርስ ሊቀይር የሞከረ አንድ ሠራተኛ በመስኮት ወጥቷል፤ መስኮቱ ዝግ ነበር።

ልጃቸው ቬሬና በ1970 ተወለደች። ሙያውን ተማረች፤ ሳንቃ ላጠች፣ ኮላ ቀባች፤ አባቷ ግን ቁልፉን ከለከሏት። "ጣትሽን የወለድኩት እኔ ነኝ" ይሉ ነበር። እሷም በመጥረቢያ በሩን ፈለጠችው። በሩን ሠሩት፤ ደግማ ፈለጠችው። በመጨረሻ እሳቸው አጠገቧ እስከቆሙ ድረስ ብቻ በማሽኗ እንድትሠራ ተስማሙ።

በ1990 ለመመረቂያዋ ቁም ሳጥን ሠራች። በአገራችን ልማድ ሽማግሌ አናጢዎች በመንደሩ አዳራሽ የተመራቂዎችን ሥራ መጋጠሚያ በአውራ ጣት ጥፍር ያሻሉ፤ መጋጠሚያው ጥፍር ከያዘ ተማሪው ወደቀ። የታችኛው መንደር አናጢ አቶ ሆፍሽቴተር ጥፍራቸውን መጋጠሚያው ላይ አሳለፉ፤ ያዘው።

"ኧረ ጎትፍሪድ! እዚህ ላይ እንኳን ጥፍር ላምም ትደናቀፋለች። ልጅቷን አይብ ቤት አይብ እንድታገላብጥ ብትልካት ይሻልህ ነበር!"

አቶ ሆፍሽቴተር ሁለት የፊት ጥርሳቸውን ያጡት በዚህ ጊዜ ነው። ገላጋዩ ቄስ መነጽራቸውን አጡ፤ አዳራሹም አራት ወንበር። ሟች በደም የተነከረ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ቤት ገብተው ማሽኗን ሲመረምሩ ነገሩ ገባቸው። ቬሬና የላይኛውን ሳንቃ ቆርጣ ምሳ በሄደችበት፣ እሳቸው ለራሳቸው ሥራ መደገፊያውን አንስተው፣ ሳይሞክሩ በቁጥሩ ብቻ መልሰውት ነበር። እሷ የጎኖቹን የቆረጠችው ከዚያ በኋላ ነው።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አሏት።

ቬሬና የብረት ሞርሳ አንስታ የአንገታቸውን ሥር አጥንት ሰበረችው።

ሆስፒታል ሲነቁ አጠገባቸው ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"ሳትመቺኝ በፊት ማሽኗ በርታ ነበር። ሶኬቱን ነቀልሽ?"

"ነቀልኩ፣ አባባ።"

"እንደዚያ ተናደሽ?"

"እንደዚያ ተናድጄ።"

በደህናው እጃቸው ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። "በይ ውሰጂው። ግን ማይልኝ፤ እጄ የተንቀጠቀጠ ቀን እኔንም አታስገቢኝም። ብለምንሽም፣ ብረግምሽም።" ማለች። በዓመቱ ሌላ ቁም ሳጥን ሠርታ ተመረቀች፤ የሥራ ቤቱም ኃላፊ ሆነች።

በ2017 ክረምት የሟች እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሐኪሞችም መድኃኒት የሌለው ነው አሉ። ቬሬና በሩን ቆለፈች። አቶ ጎትፍሪድ ጠዋት ጠዋት እየመጡ በመዶሻ ደበደቡት፤ መስታወቱን ሰባበሩት፤ "የማትረቢ! ሌባ! ቤቴን ክፈቺ!" እያሉ መንደሩን ቀሰቀሱ። ጎረቤት ሁሉ በቬሬና ላይ ፈረደ፤ እናቷ ሳይቀሩ አኮረፏት። እሷ ውስጥ ሆና ድምፃቸውን እንዳትሰማ ሞተሩን ታስነሳ ነበር። ማሽኗ እየጮኸች ምንም እንዳልቆረጠች፣ ከእሷ ጋር የሠራን እናውቃለን።

እግራቸው ሲከዳቸው ድብደባው ቆመ። ኅዳር 9 ቀን 2021፣ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ልጃቸውን አስጠሩ። አሥሩን ጣታቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግተው፣ "ቁጠሪያቸው" አሏት። ጣቶቹ አላርፍ ቢሏትም አንድ በአንድ እየያዘች ቆጠረች። ጨርሳ ቀና ስትል ዐርፈዋል።

ሟች የአንዲት ሴት ልጅ አባትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጉ እጁ ይቀበልልን፤ ለወይዘሮ ማርግሪት፣ ለቬሬናና ለልጆቿ መጽናናትን፣ በሩን ላልከፈተችውም እጅ ዕረፍትን ይስጥልን። አሜን።