ከኮቱ ጎን የተሰቀለው መድኃኒት

ጥቅምት 4
የካንሰሩን መድኃኒት ዛሬ ቤቴ፣ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ወሰድኩ። ነርሷ ከረጢቱን የምትሰቅልበት ስታጣ ሹፌሩ የኮት መስቀያውን እየጎተተ መጣ። (ሹፌሩ ባሌ ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ።) ኮቱን ግን አላወረደም። መድኃኒቱ ከኮቱ ጎን ሆኖ ጠብ... ጠብ...

ነርሷ ስትወጣ አስጠነቀቀችን። መድኃኒቱ ደሜን ስለሚያደክም በሽታ ቶሎ ይይዘኛል፤ ሰው ማቀፍ የለም፣ መሳም የለም። አንዴ ካተኮሰኝ ወደ ሆስፒታል እመለሳለሁ። እዚያ አልጋ ላይ መሞትን ነው የምፈራው... ይኸው፣ ጻፍኩት።

ጥቅምት 6
ሙቀቴን በቀን ስምንቴ ይለካል። ሞተር መሰልኩት እንዴ?

ጥቅምት 9
ጠያቂ እንዴት ይከለከላል? ሹፌሩ መላ አገኘሁ ብሎ ለዘመድ ሁሉ ደወለ። ሆስፒታል ተኝታለች፣ ጠያቂ አይገባም አለ። ጠያቂ አይገባም ሲባል የሚቀር ዘመድ የት አይቶ ይሆን?

ጥቅምት 11
ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ደግሞ አለቀስኩ።

መድኃኒቱ እየገባልኝ ሳለ ከደጅ ለቅሶ ሰማሁ። ማን ሞተ? መስቀያውን ከነኮቱ እየገፋሁ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የባሌ እህት! በልጃችን ሠርግ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥሽኝ ብላ ካኮረፈችኝ ሁለት ዓመት አልፏታል። ለካ ሆስፒታል ሄዳ፣ የድሮ አልጋዬን አንሶላው ተገፎ አገኘችው። ማንንም ሳትጠይቅ፣ ሞታለች ብላ ዘመድ በመኪና ጭና መጣች።

"ለአንዲት ወንበር ብዬ!" እያለች ደረቷን ትመታለች።

መስኮቱን ከፍቼ ማን ነው የሞተው አልኳት። መሬት ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ተነስታ ወደ በሩ... ሹፌሩ ክንዱን ዘርግቶ ቆሞ ኖሯል።

"ሞልቷል።"

"ልቀፋት፣ ወንድሜ!"

"በመስኮት።"

መስኮቱን ዘጋሁትና መዳፏን በመስታወቱ ላይ አደረገች። እኔም ከውስጥ። መታቀፍ እንዲህ አምሮኝ አያውቅም።

ጥቅምት 12
ሹፌሩ ሲደውል ዋለ። ለዘመድ ሁሉ ይቅርታ፣ በየተራ። ለምን ዋሸህ አልኩት። ኮቱን አራገፈ፣ መልሶ ሰቀለ።

"ቢያተኩስሽ ይወስዱብኛል ብዬ ነው።"

በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሙቀቴን ለካልኝ አልኩት።

ጥቅምት 25
የባሌ እህት በየሳምንቱ ትመጣለች። የፕላስቲክ ወንበር ከመስኮቱ ሥር አኑራ በመስታወት በኩል ወሬ ትነግረኛለች፣ እየጮኸች። የሰፈሩ ሰው የማን ባል ማንን እንዳኮረፈ ከኔ እኩል ያውቃል።

ኅዳር 23
የመጨረሻው ከረጢት አለቀ። ሁለት ሳምንት ጠብቀው ደሜን ያያሉ። እፈራለሁ።

ታኅሣሥ 7
አንድም ቀን አላተኮሰኝም!

ነርሷ ውጤቱን ይዛ መጣች። ደምዎ ደህና ነው፣ አሁን ሰው ማቀፍ ይችላሉ አለችኝ። ሹፌሩ ሄዶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና እህቱ ወደተቀመጠችበት ወደ መስኮቱ ሥር ተጣራ።

"ግቢ፣ ወንበር አለ!"

ገባች። ወንበሯን ግን ከደጅ ይዛ ነው የገባችው። ከሶፋዬ ፊት፣ ጉልበቴ አጠገብ አስቀመጠችው።

"አሁንስ የፊት ነው?" አለችኝ።

የፊት ነው አልኳት። አልተቀመጠችበትም፤ እላዬ ላይ ወደቀች። ሹፌሩ ኮቱን ከመስቀያው አወረደና ለብሶ ወጣ። ማልቀሱን እንዳናይ ነው።