ብድር የማይመልስ መንገደኛ

ኅዳር ፰፣ ሐሙስ፣ ጠዋት። ደ/ማርቆስ

አሞሌ ጨዉን ዛሬም ደግሜ አየሁት። እርጥበት የነካው ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ። የተሸረፈውን ውድነሽ ለቤት ወሰደች። ባለቤቴ እኔ የማላየውን ሽራፊ ታያለች። አንዳንዴ ራሷ ሸርፋው ይሆን እላለሁ።

የመንገድ ወረቀቱ ተገኘ። እስከ ኅዳር ፳፪ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ኬላው ላይ የተገኘ በቅሎ ለጣ. ጦር ስንቅ መጫኛ ይወሰዳል። (ደብተሬ፣ ከእንግዲህ ጣ. እያልኩ ነው የምጽፍብህ። በማን እጅ እንደምትወድቅ አይታወቅም። ቢጠይቁኝ ጣዝማ ማለቴ ነው እላለሁ። ማርም እነግዳለሁና ያምኑኛል።)

ትናንት የውድነሽ ወንድም መርጌታ ላቀው መጥተው ነበር። ጠላው ጥሩ ስለነበር ክርክሩም ጥሩ ነበር። እኔ ሰው ሁሉ የሚሠራው ለራሱ ነው ባይ ነኝ። ገበሬ ለሆዱ ያርሳል፤ ነጋዴ ለትርፉ ይጓዛል፤ መጽዋች ለነፍሱ ይመጸውታል። ልዩነቱ ትርፉ የሚሰበሰብበት ቦታ ብቻ ነው። መርጌታ ተቆጡ። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ተብሏል አሉኝ። እኔም፣ «እንደ ራስህ» ከተባለማ መስፈሪያው ራሴ ነኝ፤ ራሱን የማይወድ በምን ሊሰፍር ነው አልኳቸው። ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ።

ሲወጡ ግን በራፉ ላይ ዞር ብለው፣ «አበጀ፣ አንድ ቀን ትርፉን ፈልገህ የምታጣው ሥራ ትሠራለህ። ያን ጊዜ ንገረኝ» አሉ።

እነግራቸዋለሁ። ብዙ ይጠብቃሉ እንጂ።


ኅዳር ፲፪፣ ሰኞ፣ ሚካኤል። ይጁቤ

ጓዶቹ ተሟሉ። እንደ ወትሮው አብረን እንወርዳለን። ወደ ዓባይ ብቻውን የሚወርድ ነጋዴ ወይ ሞኝ ነው ወይ ጠመንጃ አለው።

ዛሬ መጫኛ ያዝን። ደብተሬ፣ አንተ መንገድ ወጥተህ አታውቅምና ልንገርህ። አንድ ረጅም የጭነት ገመድ ይዘረጋል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በእጁ ይይዘዋል። በዕድሜ ታላቁ፣ «በቅሎው የወደቀበት ሰው ጭነት ለሁሉም ይከፋፈላል፣ አይጣልም» ይላል። ሁላችንም፣ አይጣልም እንላለን። ሌላ ሕግ የለንም።

ዘንድሮ ገመዱን የዘረጉት አያ እንድሪስ ናቸው። ከአባቴ ጋር ዓባይን የተሻገሩ ሰው። ይህ የመጨረሻ መንገዳቸው ነው። ጉልበቴ ከዓባይ ዳገት ጋር ተጣልቷል፣ አስታራቂም ጠፍቷል ይላሉ።

ራት ላይ እንደ ልማዴ ጨዋታ አመጣሁ። ይህ ሕጋችን ቸርነት አይደለም አልኩ። ዛሬ ያንተን ብሸከም ነገ የኔን ስለምትሸከም ነው። ብድር ነው። ደመላሽ ጆሮውን አቆመ። ወጣት ነው፤ ሦስት በቅሎ አለው፤ በአራተኛው ላይ ምላሱን ይጭናል። «ነገ የሌለው ሰውስ?» አለኝ። ነገ የሌለውንማ ሕጉ አይዘውም አልኩ። ሁሉም ሳቀ። አያ እንድሪስም ሳቁ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ጥሩ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ።


ኅዳር ፲፮፣ ዓርብ። ከዓባይ ማዶ

ውሃው ጎድሏል፤ መልካም ተሻገርን። ቁልቁለቱ ላይ አ. አስቆሙን። (አ. ስል አጎቶቼ ማለቴ ነው። ጠመንጃ የያዙ፣ ጫካ የሚኖሩ አጎቶች አሉኝ።) ጥቂት አሞሌ ወሰዱ፤ ስለ ኬላው ጠየቁ፤ በሰላም ግቡ ብለው መረቁን። ከጣ. ይልቅ ከእነሱ ጋር መነገድ ይቀላል። ቢያንስ ይመርቃሉ።

ጨው እንደ ወርቅ ተፈልጓል። ቡናውም ጥሩ ነው። ዝንጅብል ጨመርኩ። ደስ ብሎኛል፤ ዝም ብዬ አፏጫለሁ።

ጾም ስለገባ ከአያ እንድሪስ ጋር የምንለያይበት ሥጋ የለም። ከአንድ ቆሎ እንዘግናለን። ያላቸውን ሁሉ ቡና ላይ አዋሉት፤ የአንዲት በቅሎ ሙሉ ጭነት። ከዚህ በኋላ ደ/ኤልያስ ልጃቸው ቤት ነው የሚቀመጡት። አማቻቸው ደግ ነው። ግን ከአማች እጅ መጉረስ ጉሮሮ ያንቃል አሉኝ። ይህን ቡና ይዘው ከገቡ ደጃፉ ላይ ትንሽ መደብ ሠርተው እየቸረቸሩ የራሳቸውን ይበላሉ። ይህች ጭነት ቀሪ ዕድሜያቸው ናት።

በቅሏቸው አርጅታለች። አይቻለሁ። ምንም አላልኩም። የሰው በቅሎ ማማት የሰው ሚስት እንደማማት ነው።


ኅዳር ፳፣ ማክሰኞ፣ ቀትር። ዳገቱ ላይ

የአያ እንድሪስ በቅሎ ወደቀች። እግሯ ድንጋይ መሐል ገብቶ ተሰበረ። እንዳትሠቃይ የሚደረገውን አደረግንላት። ጭነቱ ግን ደህና ነው፤ መንገዱ ዳር ተቀምጧል። ማንም አልነካውም።

ሁሉም የራሱን በቅሎ ጭነት ያጠብቃል። ያልላላ ገመድ ያጠብቃል። ሁሉም ሰማይ ያያል።

ጭነቱን እዚህ ትቶ በኋላ መጥቶ መውሰድ አይቻልም። ወረቀቱ ከነገ ወዲያ ያልቃል። እስከዚያ ደግሞ ዝንጀሮና መንገደኛ አይተውትም።

ደመላሽ ወደ እኔ መጣ። ሳይቆጣ፣ በትሕትና ነው የተናገረው፤ ያ ነው የከፋው። «አያ አበጀ፣ ነገ የሌለውን ሕጉ አይዘውም ያሉት እርስዎ አይደሉ? በቅሎዎቼ ደክመዋል። የአያን ብሸከም የኔን መቼ ነው የሚሸከሙልኝ?»

ትክክል ነው። የኔው ነገር ነው፤ የኔው ቃል ነው። እንደዚህ አስቀያሚ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

አያ እንድሪስ ጭነታቸው ላይ ተቀምጠዋል። አልለመኑም። ገመዱን የዘረጋሁ እኔ ነኝ፣ ማንንም አላስገድድም አሉ። «ለዝንጀሮዎቹ ተዉላቸው። ዝንጀሮ ቡና ሲጠጣ ሳላይ መሞት አልፈልግም ነበር።» ማንም አልሳቀም። እሳቸውም።


እዚያው ቀን፣ አመሻሽ

ጽሕፈቴ ተወላግዷል፤ ይቅር በለኝ። ከድካም ነው።

መጀመሪያ በምላሴ ሞከርኩ። የሚያውቁት ቋንቋ ትርፍ ስለሆነ በትርፍ ተናገርኳቸው። ነገ ይጁቤ ገበያ ላይ እነ አበጀ ሽማግሌ ገደል ውስጥ ትተው መጡ ሲባል ከእኛ ጋር መጫኛ የሚይዝ ማን ነው? ደግሞስ እናንተ አታረጁም? የመጨረሻ መንገድ የሌለው ማን ነው? ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ገመድ መፍታት ጀመሩ። ደመላሽ ግን አልተነቃነቀም። ወሬው የሚወጣው የሚያወራ ሲኖር ነው አለ። እኛ አናወራም፤ አያ እንድሪስም አያወሩም።

ሽማግሌውን አየኋቸው። እውነቱን ነው፤ አያወሩም። ሰውየው ደ/ኤልያስ ገብተው በቅሎዬ ወደቀች፣ ጭነቴ ጠፋ ብቻ ነው የሚሉት። ክፉ ስም አይወጣብንም። ክርክሬ እዚያው ላይ አለቀ። ትርፉ ካለበት ሁሉ ፈለግሁት፤ የለም።

ከዚያ አፌ ከራሴ ቀደመ። የእሳቸውን ተራ እኔ ቆሜላቸዋለሁ አልኩ። «ደመላሽ፣ ያንተ በቅሎ የወደቀ ቀን የራሴንም የእሳቸውንም ድርሻ እሸከማለሁ። ሁላችሁም ስሙ።»

ደመላሽ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ አንዷን ዛሬውኑ ገደል ልክተታት እንዴ?» አለ። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። አያ እንድሪስ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ አቧራ ነው አሉ። ደመላሽም ተነሥቶ ስልቻውን አቀረበ፤ ሲሰፈርለት አልተከራከረም።

ትልቁ ድርሻ ለኔ ደረሰ። የጭነት በቅሎዎቼ ሞልተዋል። ስለዚህ የመቀመጫ በቅሎዬን ዳማን አራገፍኳት፤ ማለትም ራሴን አራገፍኩ። ቡናው ተቀመጠ፣ እኔ ወረድኩ። የዓባይን ዳገት በእግሬ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ሆዴ ፊት ፊት እየሄደ እኔ እከተለዋለሁ። ዳማ ዞር ዞር እያለች ታየኛለች። የምታላግጥብኝ ትመስላለች።


ኅዳር ፳፪፣ ሐሙስ። ደ/ማርቆስ በር

ኬላውን አለፍን። ወረቀቱ ሊያልቅ ግማሽ ቀን ሲቀረው። ጣ. መኮንኑ በጥላው ተቀምጦ ከጫማው ጭቃ ይፍቃል። ፈታሹ ያገራችን ልጅ ነው። ባለ ኮርቻ በቅሎ ቡና ጭና፣ ባለቤቷ ከኋላዋ እያነከሰ ሲመጣ ቢያይ ተደነቀ። ምን ሆነው ነው አለኝ። ከቡናው ጋር ተራ ገብተን ነው፣ እስካሁን እኔ ስጫናት ነበር አልኩት። ሳቀና ስልቻ እንኳ ሳይበሳ አሳለፈን።

አያ እንድሪስ ጭነታቸውን ፍሬ ሳይጎድል ተረከቡ። ወደ ደ/ኤልያስ የሚሄድ አህያ አገኙ። ሲለዩኝ ትከሻዬን ያዙ። እኔም ጉልበቴን እያሸሁ ሸኘኋቸው።


ኅዳር ፳፭፣ እሑድ

መርጌታ ወሬውን ሰምተው መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ውድነሽ ሽሮውን ታማስላለች፤ አንገቷን ቀና አታደርግም። ስለዚህ አውቃለሁ።

ትርፉ የታለ አሉኝ። እንቅልፌን ላለማጣት ነው ያደረግሁት፣ እንቅልፍም ጥቅም ነው አልኩ። ውድነሽ ከምድጃው ሆና፣ «እንቅልፍ? ሦስት ሌሊት በጉልበትዎ ሲያቃስቱ ማን ተኛ?» አለች። መርጌታ ተንከተከቱ። እሺ፣ ለስሜ ነው አልኩ። ካልተወራ ስም የለም፣ ማንም እንደማያወራ ራስህ ለውድነሽ ነግረሃት የለም ወይ አሉ። እሺ፣ ለነፍሴ። ያን ሰዓት ነፍስህ ትዝ ብላህ ነበር? አልነበረችም። ዳማ ነበረች ትዝ ያለችኝ።

ተረታሁ አላልኩም። ጠላ ቅጂ አልኩ።

ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩን እንደ በቅሎ ጀርባ ዳበስኩት፤ መዥገር እንደሚፈለግ። የትም ቦታ ትርፍ የለበትም። አያ እንድሪስ አይመለሱም፤ ተራቸውን አይከፍሉኝም። ንጹሕ ኪሳራ ነው። እንግዳ ነገር፦ ደስ ይለኛል። ገበያ መሐል ቆሜ ትዝ ይለኝና ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። በዕድሜዬ አንድ እንዲህ ያለች ነገር አለችኝ። የራሴ ናት።


ታኅሣሥ ፫፣ ሰኞ፣ በዓታ

ጠዋት ከበር ላይ የአያ እንድሪስ ድምፅ። ሮጬ ወጣሁ። በአዲስ በቅሎ ላይ ተቀምጠዋል! ወጣት፣ አመድማ፣ ጆሮዋ የቆመ። ቡናው ጥሩ ዋጋ አወጣ። መደቡንም ሠርተው ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሰው እግር መቁጠር ሰው ይገድላል አሉ። ጉልበቴና ዳገቱ ታርቀዋል፣ ከጥምቀት በኋላ እወርዳለሁ አሉ። ደመላሽንም ስላገኙት ነግረውታል። «አበጀ የቆመልኝን ያንን የኔን ተራ ተውለት፤ እኔው እሸከማለሁ።» ወደ እኔም ዞረው፣ «አበጀ፣ ያንተ በቅሎ የወደቀ ቀንማ ደግሞ ሁለት እጥፍ! ብድሬን ሳልከፍል አልሞትም።»

አቀፍኳቸው። አስገባኋቸው፤ ንፍሮ ቀረበ፤ ሳቅን። እውነተኛ ደስታ ነው።

ከሄዱ በኋላ ግን ደብተሬ፣ አንተን አወጣሁህ። አንተን እንጂ ማንንም አልዋሽም፤ አንተንም ዛሬ አልዋሽህም። ቅር አለኝ። ለካ ነገሩ ብድር ሆኖ ሊመለስ ነው። ለካ አተረፍኩ። መርጌታ ቢሰሙ እንግዲህ አንተ ነህ የረታኸው ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ እንደዚህ መርታት አልፈልግም። ያቺን አንዲት ነገሬን ሽማግሌው በአዲስ በቅሎ መጥተው ሊወስዷት ነው።

አሰብኩበት። ወሰንኩ።

ከዛሬ ጀምሮ ለዳማም ለሌሎቹም ገብስ በእጥፍ። ሰኮናቸው ይታይ። የሚያነክሰው ቀይ በቅሎ ከጥምቀት በፊት ይሸጥ። ዳገቱ ላይ እኔ ራሴ ፊት ሆኜ እያንዳንዱን ድንጋይ አያለሁ። የኔ በቅሎ አትወድቅም። አያ እንድሪስ ብድራቸውን ይዘው መቶ ዓመት ይኑሩ።

ለሳቸው ብዬ አይደለም። ለራሴ ነው።