አምስት ቦታ የቆረጥኳት ኪኒን

ውድ ልጄ ፀደይ፣

ሕፃኗ እህትሽ ደህና ናት። አክስትሽ አባይነሽ ወተቷን በሰዓቱ ትሰጣታለች። ድንቹ ወጥቷል። ጣራው አሁንም ያፈሳል። የቀረውን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት።

እናትሽ ነፍሰ ጡር ሳለች ደም አንሷት፣ የኮሶዬዋ ጤና ባለሙያ ሰብለ ወንጌል ኪኒን ሰጠቻት። ካርዷ ላይ «ብረት፣ በቀን 60 ሚሊግራም» ብላ ጻፈች። ቤት ገብቼ ጠርሙሱን ባነበው «ፌረስ ሰልፌት 300 ሚሊግራም» ይላል። አምስት እጥፍ! ይቺ ሴትዮ ተሳስታ እናትሽን ልትገድልብኝ ነው አልኩ። ሄጄ አልጠየቅኳትም። አሥራ ሁለተኛ የጨረስኩ ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ? እያንዳንዷን ኪኒን በምላጭ አምስት ቦታ እየቆረጥኩ በቀን አንድ ስባሪ ሰጠኋት። በሰጠሁ ቁጥር ደብተር ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ዘጠና ሰባት ምልክት አለ።

«ምነው ሰውዬ፣ ለጫጩት ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር እናትሽ።

«ዝም ብለሽ ዋጪ። ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ ዶክተር።»

ኋላ ዳገቱ አቃታት፣ ከንፈሯም ነጣ። እርግዝናው ነው አልኩ። ሰብለ «ኪኒኑን ትወስጃለሽ?» ስትላት «አንድም ቀን አላጓደልኩም» አለቻት። እውነቷን ነው። የወለደች ዕለት ደም ሲፈሳት ግን አቅም አልነበራትም።

ለቅሶው ላይ ሰብለን «ምን አብልተሽ ነው እናቴን የገደልሻት?» ስትያት አጠገብሽ ነበርኩ። ያኔ እኔም እሷን ነበር የምጠረጥረው። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሰው ሸሻት፣ ወደ አዲ አርቃይ ተዛወረች።

ለአርባዋ ሰሞን ጠርሙሱን ሳገላብጥ፣ በደቃቁ «ብረት 60» የሚል አየሁ። አላመንኩም። ኬሚስትሪ የተማርሽውን አንቺን ጠየቅኩሽ፦ ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ያለው ብረት ስድሳ ከሆነ ጠቅላላው ስንት ይመዝናል?

«አባዬ፣ በስተርጅና ኬሚስትሪ አማረህ?» ብለሽ ሳቅሽ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ስትስቂ ያየሁት ያኔ ነው። «ክብደቱ 278 እጅ ቢሆን ብረቱ 56ቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ድኝ፣ ኦክስጅንና ውሃ ነው» አልሽኝ። ስድሳን በ278 አባዝተሽ ለ56 አካፈልሽ። እንዳይገጥም እየለመንኩ እጅሽን አያለሁ። 298 ወጣ። «በቃ ሦስት መቶ በለው» አልሽ።

የታዘዘላት ስድሳ ብረት ያለው ሙሉዋ ኪኒን ውስጥ ነበር። እኔ በቀን አሥራ ሁለት ሰጠኋት። ያኔውኑ ልነግርሽ ነበር፤ ሳቅሽን ሳይ ግን ጠርሙሱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን «ሰብለን ለመክሰስ ማመልከቻ አስጽፌያለሁ» አልሽኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ሁለተኛ ሰው መግደሌ ነው። ነገ ጠዋት አዲ አርቃይ እወርዳለሁ፣ እግሯ ላይ ወድቄ እነግራታለሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። አንቺንም ይቅር በይኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም።

ማመልከቻውን አትቅደጂው ልጄ። የሷን ስም ሰርዘሽ የኔን አስገቢበት።

አንዱዓለም ወንድምአገኝ፣
አባትሽ