የተቋረጠ ቋጠሮ

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? «ደህና ነኝ» ብለህ አትለፈኝ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጉልበትህ ከብርዱ ጋር እንዴት ሆነ? ደረጃው ላይ ያ መደገፊያ ተገጠመልህ ወይስ አሁንም «አናጺ ሆኜ ለቤቴ አናጺ አልቀጥርም» እያልክ ሚስትህን ታናድዳታለህ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ እንቅልፍ ግን ካጣሁ አራት ቀኔ ነው። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፅህን ስሰማ ወኔዬ ይከዳኛል፤ አንተም አታስጨርሰኝም።

የዓለት መውጣት አሠልጣኝነት ፈተናዬ ማክሰኞ እንደነበር ታውቃለህ። ስድስት ዓመት በልምምድ አዳራሹ ለሰው ጫማ ሳድል፣ ገመድ ስጠቀልል፣ «ረዳቷ» ስባል ኖሬያለሁ። የምስክር ወረቀቱ ካለኝ ሰው በራሴ ኃላፊነት ገደል ላይ አወጣለሁ። ከሌለኝ ጫማ ማደሌን እቀጥላለሁ። መጀመሪያ ዓለት መውጣቱን ያልተውኩት፣ ብተወው ሰው ለምን ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። ኋላ ግን ወደድኩት፣ ምን ላድርግ።

ፈታኛችን ሽበታም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ተፈታኞቹ «አቶ ድገመው» ይሉታል፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣማ። ላቤ ጠብ እስኪል ሁሉን ነገር አስደገመኝ። ዓለቱ ላይ ያሉትን ቀለበቶች መፈተሽ፣ ራሱን የሳተ ሰው ማውረድ፣ ሁሉም አለፈ። የቀረኝ ቀላሉ ነበር። እሱ እንደ ጀማሪ ተማሪ ሆኖ ይቆማል፣ እኔ ገመዱን ወገቡ ላይ ካለው መታጠቂያ ጋር አስርለታለሁ። የስምንት ቁጥር ቋጠሮ። አንተው ነህ በወጥ ቤቱ ወንበር እግር ላይ ያስተማርከኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አስረዋለሁ።

ስምንቱን ሠርቼ፣ ጫፉን በመታጠቂያው አሳልፌ፣ የስምንቱን መንገድ አስከትዬ ልመልሰው ስል የፈታኙ ረዳት ከኋላዬ ጠራኝ። የወሰድሽውን ሄልሜት ፈርሚልኝ፣ አንድ አፍታ ነው አለኝ። ሄጄ ፈርሜ ተመለስኩ። ቋጠሮው እንደተውኩት ነው። ወንድም ጋሼ፣ ግማሹ ብቻ የታሰረ ቋጠሮ ከሩቅ ሲያዩት ያለቀ ይመስላል።

እጄ ቆመ። ልቤ ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ቀጥዪ ይለኛል፤ እጄ እምቢ አለ። ፈታኙም ፊቴን እያየ ነው። ከመታጠቂያው መዝዤ አወጣሁት፣ ስምንቱንም ፈታሁት፣ ከባዶ ገመድ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ስጨርስ እያንዳንዱን ዙር በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ።

በኋላ እንደሰማሁት ጥሪው ወጥመድ ነው። ለሁሉም ያደርጉታል፤ ብዙው ሰው ተመልሶ ከተወበት ይቀጥልና እዚያው ይወድቃል። እኔ አልፌ ነበር። አፌን ብዘጋ ኖሮ ወረቀቱ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ነበር። ሰውየው ግን ለምን እንደፈታሁት ጠየቀኝ። የተቋረጠ ቋጠሮ ይፈታል ተብለን ስለተማርን ነው ማለት ይበቃኝ ነበር።

«አንድ ጊዜ ሳልፈታው ቀርቼ ነበር» አልኩት።

ፋይሌን ገለጠ። ሰው በተጎዳበት አደጋ ላይ ነበርሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ «አልነበርኩም» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ወንድም ጋሼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልተቆጣኝም። ወረቀቱን አልከለክልሽም፣ አልሰጥሽምም አለ። የሆነውን ጽፈሽ፣ የተጎዳው ሰው እውነት ነው ብሎ ፈርሞበት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካመጣሽ እናየዋለን፤ ካላመጣሽ ፋይሉ ይዘጋል። አራቱ ቀን አለቀ።

ከዓለቱ የወደቅክ ዕለት ለእማዬም፣ ለሐኪሙም፣ ለሚስትህም ያልከውን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ቋጠሮውን ራሴ አሰርኩት፣ ቸኮልኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው»። አክስታችን እስከ ዛሬ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያለች ስትተርትብህ አንተ ትስቃለህ፤ እኔ ሳህን ላጥብ ብዬ እነሳለሁ። ለሁሉ ነገር ተረት የማታጣው እማዬ ብቻ ዝም ትላለች።

ሰው ሁሉ እግርህን ሲያይ እጅህን ያየ የለም። ሁለት ጣትህ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን መጋዝ ቆርጦህ። ይቅርብህ ብልህ «በስምንት ጣትም እወጣዋለሁ» ብለህ ፎከርክ፣ እንደፎከርከውም ወጣህ። ጫማህን እንኳ ማሰር አቅቶህ ያሰርኩልህ እኔ ነበርኩ። ከጫማው ቀጥሎ ገመዱን ሳስርልህ፣ ግማሽ ላይ ስደርስ ስልኬ ጠራ። እማዬ ነበረች፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቷት። ቆይ እማ፣ ገመድ እያሰርኩለት ነው አልኳት። አልሰማችኝም መሰለኝ፣ ቁልፉን ደግማ ጠየቀችኝ፤ መስኮቱ ላይ ነው ብያት ዘጋሁ። ዘወር ስል አንተ ዓለቱን ይዘህ ቆመሃል። ዝግጁ ነህ አልኩህ፣ ዝግጁ ነኝ አልክ። ቋጠሮውን እኔም በእጄ አልነካሁትም፣ አንተም አልነካኸውም። ጫፍ ደርሰህ ገመዱ ላይ ልትቀመጥ ወደ ኋላ ስትለቅ የሆነውን አልጽፈውም።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። «ቋጠሮውን ያሰረው» የሚለው ቦታ ላይ ስሜን በቀለም ጽፌያለሁ። አውቅሃለሁ፣ ሰርዘህ ያንተን ልትጽፍ ነው። እንደዚያ አድርገህ ከመለስከው አልወስደውም፣ ይቅርብኝ። ጫማ ማደልም ሥራ ነው። ከፈረምክ ግን እማዬ ትሰማለች። ቋጠሮውን ያቋረጠው የእሷ ስልክ እንደነበር ካወቀች ልቧ ይሰበራል ብለህ ነው እኔንም እሷንም በዚያ እግርህ ተሸክመህ የኖርከው። እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። ፈተናውንስ አልፈራሁም፣ እሷን ነው የፈራሁት።

ትናንት ደውላልኝ ነበር። እንደ ልማዷ ከሰላምታ በፊት «እጅሽ ባዶ ነው?» አለችኝ። ባዶ ነው እማ፣ ምንም አልያዝኩም አልኳት፤ ከዚያ ነው ወሬ የጀመረችው። ላንተም እንዲህ ትልሃለች? ለእኔ ግን ከወደቅክበት ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመቷ ነው።

ጉልበትህን ያበርታልህ፤ መጋዝ ከጣትህ፣ ሐዘን ከደጅህ ይራቅ። ሚስትህን ሳምልኝ፤ መደገፊያውንም ግጠምላት፣ ለእሷ ስትል።

ጫማህን ያሰረችልህ
ታናሽ እህትህ