አባትህ የፈረመው ወረቀት

ልጄ፣ በዘመትክበት ጥይት አይይህ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ። እኛ ደህና ነን። (የምጽፈው እኔ እህትህ ነኝ፤ ምርቃቱ የእማዬ፣ ተረቡ የእኔ።)

አባትህ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ከሰቀለ ወዲህ ጄኔራል ሆኗል። የዚያ አገር ሰው በአበባ ሲቀበላችሁ ባየ ቁጥር መቀሱን እንደያዘ ያጨበጭባል። (የደንበኞቹን ጆሮ ፈጣሪ ይጠብቅ!) ሰሞኑን ቴሌቪዥኑ «ልጆቻችሁን ደግፉ፣ ፈርሙ» ሲል ያለ መነጽሩ ሮጦ ፈረመ። ለካ ወረቀቱ ዘመቻው በስድስት ወር ይራዘም የሚል ኖሯል!

«ለልጄ መስሎኝ እኮ ነው» እያለ፣ ይኸው ዛሬም ሱቁን ዘግቶ ፊርማዬን ሰርዙልኝ ሊል አስፈራሚዎቹ ዘንድ ሄዷል። አትቀየመው፣ ልጄ። አበባውንስ አየነው፤ አንተን እንቅልፍ ይወስድህ እንደሆነ ግን በእጅህ ጻፍልኝ። በእግርህ እንደሄድክ በእግርህ ይመልስህ።